ባራኪ የማይፈልግ ስንቅ

ለልጄ ለሳሌም፣

እንዴት ከርመሻል? ወባው ከለቀቀሽ ወዲህ ራስ ምታቱስ ተወሽ? እህል ይበላልሻል? አሶሳ ሙቀቱ ጀመረ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን፣ እሱ ይመስገን። የአሶሳ መኪና ሲገባ ጉዳይ ባይኖረኝም መናኸሪያ እሄዳለሁ። እናትሽ «ምን ልታራግፍ ነው?» እያለች ትስቅብኛለች።

በስልክ ሲቆራረጥ ስለምደናገጥ፣ ነገሩን ቁጥር ሰጥቼ ልጻፍልሽ።

አንደኛ፣ ስለ ቋንጣው። ጥቅምት ላይ ወባ ሲጥልሽ፣ አብራሽ የተከራየችው ሪም በባጃጅ ሐኪም ቤት ወስዳሽ ሦስት ቀን ትምህርቷን ትታ እንዳስታመመችሽ ስትነግሪኝ ምን ልላክላት ብዬ ተጨነቅሁ። እናትሽ ያደረቀችውን ቋንጣ «የሪም» ብዬ በትልቁ ጽፌ ላክሁ። ደውለሽ «አባዬ፣ ሪም እኮ የኩርሙክ ልጅ ናት፣ ሙስሊም ናት፣ የኛን ሥጋ እንዴት ትበላለች?» ስትዪኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። በመንደሩ ሠርግ ሁሉ የሙስሊሙን በሬ ለብቻ፣ ድንኳኑን ለብቻ ሳሰናዳ የኖርኩ ሰው! ልጄን ያዳነች ልጅ ብዬ ብቻ ሳስባት ሌላውን ረሳሁት። እሷ ደግሞ ተቀብላ «አባባ ይኑሩልን» ማለቷ ይበልጥ አሳፈረኝ። አሁን አንቺም ጾም ያዝሽ፤ ቋንጣው ባለቤት አጣ።

ሁለተኛ፣ ስለ ኮሌጃችሁ። በአንድ ክፍል በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ኦሮሞ፣ አማራ ሆናችሁ አዋላጅነት ስትማሩ፣ ምጥ የያዛትን ሁሉ በቋንቋዋ «አይዞሽ» ለማለት እርስ በርስ እንደምትለማመዱ ነግረሽኛል። የባምባሲው ዱጋሳ በበርታ ሲሞክር ሪም በሳቅ ትፈርሳለች ያልሽው ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። የጉሙዝኛውን ጽፈሽ ላኪልኝ። እዚህ ከጉሙዞቹ ጋር ስንፈራራ ስንት ዓመት ኖረን፣ አንድ አይዞህ እንኳ አላውቅም።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ነው ሁለት ወረቀት የቀደድኩት። መስከረም ላይ «ከማናውቀው ሰው ጋር አትኖሪም፣ እስከ ገና ከፓዌ ልጆች ጋር ካልገባሽ ትምህርቱን ትተሽ ነይ» ብዬሽ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ቃሌን አንስቻለሁ። ከሪም ጋር እዚያው ሁኚና ጨርሺ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ወደ ቤት እንድትመጪልኝ ሰበብ ፈልጌ ነው።

በሹፌሩ በዮሚፍ እጅ አንድ ፌስታል ለውዝ፣ ሁለት ሊትር ማር፣ ሹራብሽንም ልኬአለሁ። ዶሮ ላክል ነበር፣ ግን ማን ባርኮ ያርዳታል? ለውዝ ባራኪ አይፈልግም፤ አብራችሁ ቁሉት።

ሪምን ስለ ቋንጣው ይቅርታ ጠይቂልኝ፣ ልጄ ብሎሻል በያት። ዱጋሳን፣ አከራያችሁን እትዬ ዓዲላንም ሰላም በይልኝ። እናትሽ የወርቅውሃ ሁለቱንም ጉንጭሽን ስማለች። ወንድምሽ እዩኤል አልጋሽን ወርሶታል፣ ግን እለቃለሁ ይላል።

በገና ሰሞን የሐኪም ቤት ልምምድ አለብኝ ስላልሽ አልጠብቅሽም። መናኸሪያው ግን እሄዳለሁ።

አባትሽ በቃሉ
ፓዌ፣ መንደር 12
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.