ደሜ መሰከረልኝ

ይድረስ ለእናት ያህል እህቴ ለእትዬ አመተሥላሴ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? ጋሽ ገሠሠ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም ከሞላሌ መጥታ እዚሁ ከእኛ ጋር ናት።

እትዬ፣ እልል በይ! ነፃ ወጣሁ፤ መንጃ ፈቃዴም ተመለሰልኝ።

ከሥሩ ላጫውትሽ። በጥር ወር አውቶቡሱን ይዤ ቁልቁለቱን ወደ ጀማ ወንዝ ስወርድ ፍሬን እምቢ አለኝ። ገደሉን ሸሽቼ ከተራራው ጋር አላተምኩት። ሁለት ሰዎች እግራቸው ተሰበረ፣ የእኔም ግንባር ተተረተረ፤ አምላክ ይመስገን የሞተ የለም። አንዲት ተሳፋሪ ከኋላዬ ያስቀመጠችው ጄሪካን አረቄ ግን ፈንድቶ ከራሴ እስከ እግሬ አጠበኝ። ፖሊስ ሲደርስ መጀመሪያ ያገኘው ያንን ሽታ ነው። የድሮ ጠባዬን የሚያውቅ ሁሉ "ሰክሮ ነው" አለ። ከጻድቃኔ ማርያም ጠበል ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠብታ እንዳልቀመስኩ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ግን የሰካራም መሐላ ማን ይሰማል?

በመንገድ ላይ ባለ አንድ ክሊኒክ ደሜን ወሰዱ። ግንባሬን ለማሰፋት ሆስፒታል ስደርስ ደግሞ "እናንተም መርምሩልኝ" ብዬ ለመንኩና ቀዱኝ። ቀድሞ የመጣው የክሊኒኩ ወረቀት "አልኮል ተገኝቶበታል" ይላል። ጽናት ዓይኔን እያየች "አንዲት መለኪያ እንኳ አልቀመስክም?" አለችኝ። ሚስቴ እንዲህ ስትለኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ባለፈው ዓርብ ችሎት ቀረብን። የክሊኒኩ ሠራተኛ ሲጠየቅ ክንዴን በአልኮል እንደጠረገ፣ ደሙንም በተራ ጠርሙስ አራት ቀን ጠረጴዛ ላይ እንዳቆየ አመነ። ከዚያ የሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ባለሙያ ተጠራች፤ ማዕረግ የምትባል የራቤል አገር ልጅ ናት። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ማቆያ መድኃኒት ያልገባበት ደም ሙቀት ላይ ከሰነበተ እንደ ጥንስስ ራሱ ፈልቶ አልኮል ሊያወጣ ይችላል። እኛ አልኮል በሌለው መድኃኒት ጠርገን፣ ሰዓቱን ጽፈን፣ ማቆያ ባለበት ብልቃጥ አሽገን ነው አዲስ አበባ የላክነው። ውጤቱ ባዶ ነው" አለች።

ዐቃቤ ሕጉ "እናንተ ዘንድ እስኪደርስ ጠፍቶ ቢሆንስ?" አላት። "ከአደጋው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ያለፈው፤ የሰከረ ሰው ደም በሁለት ሰዓት አይጠራም። የሸተታችሁ ልብሱ ነው" ብላ መለሰች። መካኒኩም የፍሬኑን ቱቦ መበጠስ መሰከረ።

ዳኛው "ተከሳሹ በነፃ ይሰናበት" ሲሉ ሕዝቡ ችሎቱን በእልልታ አናወጠው። ጽናት እያለቀሰች "ይቅር በለኝ" አለችኝ። "ስሜን ያበላሸሁት እኔው ነኝ፤ አንቺ ምን አጠፋሽ?" አልኳት።

ትናንት ሰኞ መሪ ጨበጥኩ። እማዬ ከሁሉ ቀድማ ወጥታ ከጀርባዬ ተቀመጠች። ምን ጉዳይ እንዳላት ብጠይቃት "ጉዳይስ የለኝም፤ አንተ ስትነዳ ተሳፍሬ ሰው ይየኝ ብዬ ነው" አለች።

ጋሽ ገሠሠን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ስንታየሁን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ወንድምአገኝንም አጎትህ በኩራት ሰላም ብሎሃል በይው። ጽናት በጣም ትናፍቅሻለች። እማዬ ደግሞ "ልጄን የሚሰድብ ካለ የፍርዱ ወረቀት እኔ ዘንድ ነው በላት" ብላለች።

ወንድምሽ ወዳጆ
ዓለም ከተማ፣ ግንቦት 7 ቀን 2004 ዓ.ም.