የጋሼ እግር

ጥር 10
ዛሬ ስልሳ ሁለት ሰው ከተብኩ። ወገቤ ተቆረጠ። የመጨረሻው ተከታቢ ታላቅ ወንድሜ፣ ቀለም ቀቢው ጋሼ ነበር። ከነሥራ ልብሱ ጎትቼ አመጣሁት። «መርፌ ፈርተህ ነው?» ብዬ በሰው ፊት ሳሾፍበት እጅጌውን ሰበሰበ። «አንቺን ነው የምፈራው።»

ጥር 24
ጋሼ ደወለ። ሁለቱንም እግሩን ጉንዳን የወረረው ይመስለዋል። «መሰላል ላይ ስለምትውል ነው» አልኩት። ነው ግን?

ጥር 26
ደረጃ መውጣት አቃተው። ከሚስቱ ጋር ደግፈን ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ጉልበቱን በትንሽ የጎማ መዶሻ መታ መታ አደረገ። ንቅንቅ የለም።
«በቅርቡ ጉንፋን፣ ተቅማጥ?»
የለም።
«ክትባት?»
ጋሼ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ዞሮም አላየኝም።
«አዎ፣ ሁለት ሳምንት አለፈው» አልኩ። «እኔ ነኝ የወጋሁት።»

ጥር 27
የሰውነቱ መከላከያ የራሱን ነርቭ እያጠቃ ነው። ከክትባት በኋላ እጅግ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ያለ ክትባትም ይመጣል። «የእሱ ከምን እንደመጣ በእርግጠኝነት ልነግርሽ አልችልም» አለኝ ሐኪሙ። እርግጠኛ ቢሆን ይሻለኝ ነበር? ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ... ኮሪደሩን ስንቴ ተመላለስኩት?

ጥር 29
እጁም ሰለለ። ትንፋሹን በየሰዓቱ ይለካሉ።

የካቲት 3
በሽታው ደረቱ ጋ አልደረሰም። ቆሟል። እፎይ ልበል?

የካቲት 5
እንዲህ ሲያጋጥም ተሞልቶ ወደ ጤና ቢሮ የሚላክ ቅጽ አለን። አወጣሁት። አለቃዬ አየችኝ። «ሰው ከሰማ ማን ይከተባል? ደግሞስ መቼ ተረጋገጠ?» እሷም ወዳ አይደለም... አምና ሳይከተቡ የሞቱትን ሕፃናት አብረን ነው ያየነው። ቅጹን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩ። ፈሪ!

የካቲት 6
ለጋሼ ነገርኩት። «እና እኔ ላይ የደረሰው አልደረሰም ልትሉ ነው?» አለ። «ስለወጋሽኝ አልቀየምሽም። ከደበቅሽው ግን...» እንባዬ መጣ። «በይ እንዳታለቅሺ! አፍንጫሽን የምጠርግበት እጅ የለኝም።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ቅጹን ሞላሁት። «የከተበው ባለሙያ» የሚለው ላይ ስሜን ጻፍኩ።

መጋቢት 20
ጋሼ በክራንች ከአልጋው እስከ መስኮቱ ሄደ። ሚስቱ ስታጨበጭብ ተቆጣ። «ሕፃን ነኝ እንዴ?»

ሰኔ 9
እጄ እየተንቀጠቀጠ ስላስቸገረኝ አራት ወር መዝገብ ክፍል ነበርኩ። ዛሬ ራሴ ጠይቄ ወደ ክትባት ክፍሉ ተመለስኩ። መጀመሪያ የገባችው አስተማሪ ናት። ሁሉንም ነገርኳት፣ አልፎ አልፎ የሚያጋጥመውንም። «እግርሽን ከደነዘዘሽ ሳታድሪ ነይ።»
«የምታውቂው ሰው አጋጥሞታል?»
«ወንድሜን።»
«አሁንም ትወጊያለሽ?»
«እወጋለሁ።»
ልትሄድ መሰለኝ። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። እጄን ጠረጴዛው ላይ ጫን አድርጌ እስኪረጋ ቆየሁ። አየችኝ፤ እጅጌዋን ሰብስባ ጠበቀችኝ።