ሽማግሌውም ከሩቅ ይላክ

ልጄ ሃዋኒ፣

አከም ጅርታ? በሄድሽበት ሁሉ ጌታ ይቅደምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ አምቦም ዝናብ ጠግባለች፤ ጥጃዋ ጡት ጥላለች።

የአዲስ አበባውን ቢሮ ትተሽ ታይላንድ መግባትሽን ለጎረቤታችን ለአዴ ድንቅቱ ብነግራት፣ እንደ ሀብታሞቹ ለሕክምና የሄድሽ መስሏት የቤተ ክርስቲያን ሴቶችን ሰብስባ መጣች። ተንበርክከው እንባቸው እስኪወርድ ጸለዩልሽ። ጸሎት አይመለስ ነገር፣ እኔም አሜን አልኩ። ሲጨርሱ፣ “ኧረ ደህና ናት! ከጓደኛዋ ከፊራኦል ጋር ሆና ቤት ውስጥ በኮምፒውተር ነው የምትሠራው” ብላቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። ከዚያ ድንቅቱ፣ “ሽማግሌ መቼ መጣ?” አለችኝ።

ልጄ፣ ፊራኦልን እወደዋለሁ። ሥራውን እዚያ ሆኖ ከላከ ሽማግሌ መላክም አያቅተውም። አባቱ ኦቦ ሂርጳ እንደሆኑ እዚሁ ጉደር ናቸው። ሁለታችሁንም ጌታ ይጠብቃችሁ። ቅዳሜ ከቤት እንደማልወጣ ንገሪው።

እናትሽ ጉዴ