አባየ የመለሱልህ ወንፈል

ይድረስ ለወንድሜ ለአንዷለም ሞላ፣ ናይሮቢ።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? አገሩስ እንዴት ይዞሃል? ምግቡ ተስማማህ? ያ ከተማሪ ቤት ጀምሮ የሚያንገላታህ ጨጓራህስ ተሻለው? ጠዋት ሳትበላ ቡና መጠጣቱን ተውህ ወይስ ዛሬም ያው ነህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማየ ደህና ናት። ጌጡም ተማሪዎቹን እያስፈተነ ነው፤ ደህና ነው። ልጄ ማሬ ሁለት ጥርስ አብቅላ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች። መብራቱ እንደ ልማዱ ይሄዳል፣ ይመጣል።

ይህን ሁሉ የምጠይቅህ በናፍቆት ብቻ እንዳይመስልህ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ቂም ይዤ ሰላምታ እየጻፍሁ ነው። ሰላም ሳይሉ ደብዳቤ መጀመርን አባየ አላስተማሩንም። እንደ ድሮው "ወንድማለም" ብዬ ልጀምር ብዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ለምን በስልክ አልጻፈችልኝም ትል ይሆናል። በስልክ የላክሁልህን ሁሉ እንዳነበብኸው አይቻለሁ፤ ከአንዲቱ በቀር ግን መልስ የለም። ስለዚህ አብራኝ የተማረችው የሐሙሲቷ ዙለይካ ለሥልጠና ናይሮቢ ስለምትመጣ በእጇ ሰደድሁልህ። ፊቷ ቆመህ ትቀበላታለህ፤ እሷን እንዳላየህ ልታልፋት አትችልም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ፤ ረስተኸዋል መሰለኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አዲስ አበባ ሳለሁ ምን እመስል እንደነበር ታውቃለህ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ቁርሴን እበላለሁ፣ ኮምፒውተሬን ከፍቼ እራቴን እበላለሁ። ፕሮግራም ስጽፍ የእጄ አንጓ አብጦ ብርጭቆ ማንሳት አቅቶኝ ነበር። ጌጡ ደብረ ታቦር ያስተምራል፣ እኔ እዚያ፤ ባልና ሚስት ሳንሆን የስልክ ወዳጆች ነበርን። በመጨረሻ መሥሪያ ቤቴን ለምኜ፣ እዚሁ ደብረ ታቦር ተቀምጬ በኢንተርኔት እንድሠራላቸው ፈቀዱልኝ። ያኔ ነው ቀኔን እንደ ማሳ የከፋፈልሁት። የሥራው ቀን ለመሥሪያ ቤት፤ ማታውና እሑድ ለቤቴ፤ አባየ በሬ የማይጠምዱባቸው በዓላት፣ ማለት በየወሩ ሚካኤል፣ ማርያምና ባለ እግዚአብሔር፣ ለራሴ ሥራ። ለእነዚያ ቀኖች ከደሞዜ አስቀንሼ ነው የተስማማሁት። ሲደላት ነው ብለው የሳቁብኝ ነበሩ። አንተ አልሳቅህብኝም፤ እንዲያውም "አሁን ገና ሰው ሆንሽ" አልኸኝ።

የራሴ ሥራ ያልሁት ምን እንደሆነ ከአንተ በቀር ያኔ የሚያውቅ አልነበረም። እኛ አገር ጉና ላይ በግ ሲጠፋ አገር የሚሰማው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አባየ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው "ያያችሁ ተናገሩ" ሲሉ ነው። እስከዚያ በጊቱ ሐሙሲት ገበያ ወርዳ ተሸጣለች። እኔ ያሰብሁት ማንም በተራ ስልክ ደውሎ የጠፋበትን ከብት ምልክት በድምፁ የሚናገርበት፣ ሌላውም ደውሎ የሚሰማበት መስመር ነው። ማንበብ አይጠይቅ፣ ውድ ስልክ አይጠይቅ። ፕሮግራሙን ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኘውን ክፍል የምታውቀው አንተ ነበርህ። አንተ ለጀመርኸው የሐኪም ቤት ወረፋ ማስያዣ ደግሞ የእኔ እጅ ያስፈልግህ ነበር። "እንግዲያው ወንፈል እንግባ፤ መጀመሪያ ያንቺ ጉልበት ለእኔ፣ ከዚያ የእኔ ለአንቺ" ያልኸው አንተ ነህ። ታላቅ ይቅደም ተባለና ባንተ ጀመርን።

አምና ከመስከረም እስከ ሰኔ የነበሩትን በዓላት ሁሉ ላንተ ሠራሁ። ማሬን አርግዤ እግሬ ሲያብጥ ከሣፋ ውኃ ነክሬው ሠራሁ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ያለው ሆቴል ሄጄ፣ አንድ ሻይ አዝዤ፣ አስተናጋጆቹ እስኪሰለቹኝ ድረስ ተቀምጬ ሠራሁ። ወረፋው የሚያዝበትን ገጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ይህን አንተም አትክድም። ጌጡ "ለሰው አርሰሽ የራስሽ ማሳ ጦሙን አደረ" ሲለኝ "ሰው አይደለም፣ ወንድሜ ነው" እለው ነበር። አሁን ያ ቃሌ ነው የሚያመኝ።

ክረምት ሲገባ ተራው የእኔ ሆነ። "ትንሽ ልተንፍስ" አልህ፤ እውነት ነው ደክሞሃል አልሁ። አራስ ቤት ሳለሁ "ገዢ አግኝቻለሁ፣ እሱ ይለቅልኝ" አልህ፤ እሰየው አልሁ። ለገና ጠበቅሁህ፤ ቀረህ። በጥር ገዢህ ዘንድ ልትሠራ ናይሮቢ መግባትህን ከሰው ሰማሁ። ከዚያ ዙለይካ ስለ ወረፋ ማስያዣው የተጠየቅህበትን ቪዲዮ ላከችልኝ። ጠያቂዋ ይህን ሁሉ ስትሠራ ማን ነበር ከጎንህ ብላ በእንግሊዝኛ ስትጠይቅህ፣ ሳቅ ብለህ "እኔና ኮምፒውተሬ ብቻ" አልሃት።

ማሬን እያጠባሁ ነበር። ጌጡ ወጥቶ እንጨት ይፈልጥ ጀመር፤ የሳምንት እንጨት ፈለጠ። እማየ ማሬን ልታይ መጥታ ስለነበር አብራን ተቀምጣለች፤ ንግግሩ አማርኛ ስላልሆነ ምን እንዳልህ አልገባትም። "ልጄ ወፍሯል" ብላ ስልኩን ሳመችው።

ስጽፍልህ የመለስህልኝ መልስ ይህ ነው፤ አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም፦ "ውሌ ሌላ ሥራ እንዳልነካ ይከለክለኛል። ደግሞ ሰብልየ፣ ወንፈል እኮ የገበሬ ነገር ነው፤ እኛ ባለሙያዎች ነን።" ከዚያ ወዲህ ዝም።

ውሉን ልረዳልህ እችል ነበር፤ ሰው እንጀራው ነው። ስሜን አለማንሳትህንም ካሜራ ፊት ደንግጦ ነው ብዬ ለራሴ እሸነግለው ነበር። "የገበሬ ነገር" ያልኸው ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። እኔና አንተን ያስተማረን ገበሬ ነው። ወንፈል የሚለውን ቃል አንተ ነህ ያነሣኸው። የአንተ ማሳ ሲታረስ ወንፈል ነበር፤ የእኔ ተራ ሲደርስ የገበሬ ነገር ሆነ። ከዳኸኝ አንዷለም። ሌላ ስም ፈልጌለት አጣሁ።

ለፋሲካ ጉና ወጣን። ከተገደፈ በኋላ አባየ ማሬን እያጫወቱ "ወንድምሽ ወንፈሉን መለሰልሽ?" ብለው ጠየቁኝ። በበዓል ቀን ባንተ ላይ ክፉ ላለመናገር ምላሴን ያዝሁ። ነጠላዬን አስተካከልሁ፣ የልጄን ካልሲ አውልቄ መልሼ አደረግሁላት። አባየ ደግመው አልጠየቁኝም፤ ዝም ማለቴ ሁሉን ነግሯቸዋል።

ከዚያ በሚያዝያ ባለ እግዚአብሔር ማለዳ የቤታችን በር ተንኳኳ። ስከፍት አባየ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ደርበዋል፣ ዱላቸውን ይዘዋል። እስከ ክምር ድንጋይ ከተማ በእግር ወርደው ከዚያ በመኪና ነው የመጡት። እማየ የታመመች መስሎኝ "እማየ ምን ሆነች?" አልሁ። እሳቸው ግን ሰላምታቸውን ጨርሰው "የአንዷለምን ወንፈል ልመልስ መጣሁ" አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። "አባየ፣ ይህ የኮምፒውተር ሥራ ነው፤ ምን ይሠሩልኛል?" ስላቸው "ወንፈል የመጣ ሰው ሥራ አይመርጥም፤ ያዘዝሽኝን" ብለው ዱላቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ተቀመጡ።

ልመልሳቸው ብል እምቢ አሉ። ወንፈል የቤት ዕዳ ነው፣ አንዱ ባይመቸው ሌላው ይሄዳል አሉኝ። ቀጥሎ ያሉትን እንደሰማሁት ልጻፍልህ፦ "እኔ በተስቦ ተኝቼ ሳለሁ ለአያሌው የነበረብኝን ወንፈል አንዷለም በልጅነቱ መቆፈሪያ ተሸክሞ ሄዶ መልሶልኛል። አያሌውም ልጅ ነው ብሎ አላሳነሰውም፤ ሙሉ ሰው ብሎ ቆጠረው። እሱ የእኔን ከመለሰ እኔ የሱን ብመልስ ምን ነውር አለው?"

ያን ቀን ታስታውሰዋለህ? መዳፍህ ተላልጦ መጥተህ እማየ ቅቤ ስትቀባህ አላለቀስህም። "አያሌው ከሰዎቹ እኩል ጠላ ሰጠኝ" እያልህ ግቢውን ስትዞር ዋልህ። እኔ ትንሽ ነበርሁ፤ ከኋላህ ከኋላህ እየተከተልሁ መቆፈሪያህን እነካ ነበር። ወንፈልን ባታውቀው ኖሮ አልፈርድብህም ነበር።

ለአባየ ሥራ ሰጠኋቸው። መጀመሪያ ማሬን። እሷን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሲያጫውቷት ሲውሉ እኔ ያንተን ክፍል፣ የስልኩን መገናኛ፣ ከባዶ ተነሥቼ መማር ጀመርሁ። ስንት ጊዜ ተበላሽቶብኝ ስንት ጊዜ ልተወው ነበር። ቀና ስል አባየ ያዩኛል፤ ወንፈል የመጣ ሰው ፊት ባለቤቱ መቀመጡ አያምርም፣ መልሼ አቀረቅራለሁ። በሚቀጥለው ሚካኤል ደግሞ ድምፃቸውን ቀዳሁ። የሚደውል ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የሳቸውን ድምፅ እንዲሆን ፈለግሁ። "ከብት የጠፋበት አንድን ይጫን" ይበሉ ስላቸው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደሚናገሩት ጮኹበት፤ ማሬ ደንግጣ አለቀሰች። ቀስ ይበሉ ብላቸው ደግሞ "እንደምን አደራችሁ፣ ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡስ እንዴት ነው" ሲሉ አንዱን ተጫኑ የሚለው ዘንድ ሳይደርሱ ቀሩ። ጌጡ ሰላምታው ይቆረጥ አለ። "ሰላም ሳትል ሰውን ጫን ብለህ ታዛለህ?" ብለው ተቆጡት። አልቆረጥሁትም።

በማርያም ለአጥቢያችን ሰዎች ቁጥሩን ሰጥተን ሞከርነው። መጀመሪያ የደወለው የታችኛው ሰፈር ሙላቴ ነው። ለተቀዳው ሰላምታ አንድ በአንድ "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዝናቡ ገና ነው" እያለ መልሶ፣ ከዚያ ስለጠፋችበት ግንባረ ቦቃ በግ ተናገረ። በማግስቱ ሐሙስ ሐሙሲት ገበያ የወረደ የአገራችን ሰው ያንን ሰምቶ ስለነበር በጊቱን ከነሻጩ ያዛት። ጌጡ ከደስታው ብዛት ማሬን ወደ ላይ ወረወራት። እኔም ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። ይህን ቀን አብረን ልናየው ነበር እኮ።

ዛሬም አባየ መጥተው ነበር። ማሬ ስትተኛ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጉልበታቸውን ሲያሹ አየኋቸው፤ አብጧል። ከእንግዲህ እንዳይመጡ ብዬ "አባየ፣ ወንፈሉ አልቋል፤ አንዷለም ምንም የለበትም" ብዬ ዋሸኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና "ልጄ፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው የሠራሽለት፤ እኔ ገና መጀመሬ ነው። የቤቴን ዕዳ አታሳንሺብኝ" አሉኝ። ክረምቱን ሙሉ ሊመላለሱ ነው። የጉና ሐምሌ ምን እንደሚመስል፣ ያ ጭቃ፣ ያ ጭጋግ፣ በዚያ ላይ ደራሹ ጎርፍ፣ ናይሮቢ ሆነህም አትረሳውም። ላንተ እንዳልጽፍ ደግሞ አደራ ብለውኛል፤ "ሰው አገር ነው ያለው፣ ልቡን አታውኪበት" ብለው። አደራቸውን በላሁ። አደራ መብላትን ከወንድሜ ተምሬ ነው።

ገንዘብ እንዳትልክ። ይቅርታህም ይቆይ፤ የእኔ ቁስል ቶሎ አይሽርም፣ እንዲሽር አስታምሜ እንደሆነም እንጃ። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ አባየን ከመንገድ መልስልኝ። እኔን አልሰማ ብለዋል፤ አንተ በአካል መጥተህ "ዕዳው የእኔ ነው" ያልሃቸው ቀን ብቻ ነው እቤታቸው የሚቀመጡት። ፈቃድ አልተሰጠኝም እንዳትለኝ፤ የእኔን ቀን ከደሞዜ አስቀንሼ ነው የሰጠሁህ።

እማየ ጉንጭህን ሳሚልኝ ብላለች፤ ያንን ቪዲዮ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳያለች፣ ምን እንዳልህበት አልነገርኋትም። ማሬ አታውቅህምና ሰላምታ የላትም። ጌጡም ሰላም በይልኝ አላለኝም፤ ዋሽቼ አልጽፍልህም። አያሌው ግን ባገኘኝ ቁጥር "ያ ጎበዝ እንዴት ነው?" ይለኛል፤ የሱን ሰላምታ ተቀበል። ዙለይካን ደህና አድርገህ አስተናግድልኝ፤ እሷ ምንም አላጠፋችም።

የሰኔ ሚካኤል ማለዳ በሩ ሲንኳኳ እከፍታለሁ። አባየ ከሆኑ እግራቸውን በሙቅ ውኃ አጥቤ ማሬን አስታቅፋቸዋለሁ። አንተ ከሆንህ ግን፣ ሥራ እንዳትመርጥ።

እህትህ ሰብለወንጌል ሞላ
ደብረ ታቦር
ግንቦት 29 ቀን 2011 ዓ.ም.