የእማማ አጁሉ ሰባት ልጆች ስለመጠራታቸው

ሰኔ 28 ቀን 1988 ዓ.ም.
ለክቡር የክልላችን የአረጋውያን ድጋፍ ኃላፊ
ጋምቤላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ በቅርቡ ቀለም ለተቀባው ቢሮዎም ደኅንነት እመኛለሁ። ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? እኛን የባሮ ዳር ሰዎችን ውኃው በየቀኑ እየተጠጋን ነው። እርስዎን ከፍ ባለው ሰፈር ያኖረ አምላክ እዚያው ያጽናዎት።

እኔ ኦጅዋክ እባላለሁ። በፍርድ ቤት አኝዋክኛን ወደ አማርኛ፣ አማርኛን ወደ አኝዋክኛ የማስተረጉም ሰው ነኝ። በግንቦት ወር የቤት ለቤት እንክብካቤውን በጀት ለማሻሻል ቢሮዎ አረጋውያንን ሲመዘግብ፣ ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝረው አቤቱታ ግማሹ በእርስዎ ላይ፣ ግማሹ በራሴ ላይ መሆኑን አስቀድሜ አሳውቃለሁ።

1ኛ. ጎረቤቴ እማማ አጁሉ ዳሌያቸው ከተሰበረ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ልድያ የተባለች የቢሮዎ ሠራተኛ በሳምንት አራት ቀን እየመጣች ታጥባቸው፣ ታገላብጣቸው፣ የጀርባቸውን ቁስል ትጠርግላቸውና ውኃ ታጠጣቸው ነበር። አዲሱ መመሪያ ጧሪ ልጅ ያላቸው አረጋውያን ከድጋፉ ይውጡ ስለሚል እማማ አጁሉ ወጥተዋል። ልድያም የመመሪያውን ቅጂዎች ማኅተም እንድትመታ ወደ ቢሮ ተዛውራለች። እጇ ለስላሳ ስለሆነ ማኅተሙ እንደማይጎዳ እርግጠኛ ነኝ፤ ስለዚህም እናመሰግናለን።

2ኛ. መዝጋቢው ወጣት ስንት ልጅ አለዎት ብሎ ጠየቀ። እኔም አስተረጎምኩ። እማማ አጁሉ ከበኩሩ ጀምረው በጣታቸው ቆጠሩና ሰባት አሉ። እኔም ሰባት አልኩ፤ የነገሩኝን ስማቸውንም አስጻፍኩ። በእኛ ዘንድ የወለደች እናት የሞተውን ልጇን ከቁጥር አታወጣም፤ ማውጣት ሁለተኛ ጊዜ እንደ መቅበር ነው። ሰባቱም ሞተዋል፣ ክቡር ሆይ። ኦኬሎን ወባ፣ ኦቻንግን ባሮ፣ ሁለቱን ሴቶች ኩፍኝ፣ የቀሩትን ጦርነትና ረኀብ ወስዷቸዋል። ይህን ልጨምር አፌን ስከፍት መዝጋቢው ብዕሩን አንሥቶ፣ ቅጹ ለማብራሪያ ቦታ የለውም አለኝ። ዝም አልኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አማርኛ ጧሪ ቀባሪ የሚል ግሩም ቃል አለው። ቢሮዎ ጧሪ ቀባሪ አላቸው ያላቸው ሴት፣ ጧሪ ቀባሪዎቻቸውን አንድ በአንድ ራሳቸው ቀብረዋል።

3ኛ. ስህተቱን ለማስረዳት ሦስት ጊዜ ወደ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ባለሙያዎችዎ እጅግ ትሑታን ናቸው። የሰባቱን የሞት ምስክር ወረቀት አምጣ አሉኝ። ባሮ ለወሰደው ሰው ወረቀት እንደማይሰጥ ብነግራቸው፣ በሚቀጥለው በጀት ዓመት መጨረሻ እንደሚታይ አረጋገጡልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለው ተረት ስለ ሌላ መሥሪያ ቤት የተነገረ መሆን አለበት።

እርስዎ ግን ይህን አያውቁም ለማለት እቸገራለሁ። ሹመትዎን በተቀበሉ ዕለት በአዳራሹ ቆመው ለእናቴ ስድስተኛ ልጅ ነኝ ብለው ነበር። አጨበጨብን። ከእርስዎ በፊት ከተወለዱት አምስቱ አንድም በሕይወት እንደሌለ እዚያ የነበርን የሀገርዎ ልጆች ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ቁጥሩ ግን ማናችንንም አላስገረመም። እኛ እንዲህ እንደምንቆጥር እያወቁ ያንን ቅጽ ፈረሙ። ይህ ያናድደኛል።

4ኛ. ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ቢሮዎ ሰባቱ ልጆች እስከ ሐምሌ 7 ቀን ቀርበው እናታቸውን ለመጦር እንዲፈርሙ፣ ባይቀርቡ በሕግ እንደሚጠየቁ ጥሪ አውጥቷል። ስማቸው በገበያው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። የቀበሌው ሰውም መመሪያው ስለሚያዘው እማማ አጁሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰባቱን ስም ጮኾ አነበበ። በእኛ ሰፈር የሞተን ሰው እንዲህ በስሙ የሚጠራ የለም። 

እማማ አጁሉ ግን ደስ አላቸው። መንግሥት ከጠራቸው ይመጣሉ አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በራቸው አይዘጋም፤ ዝናቡ እስከ መኝታቸው ይገባል። ጠዋት ጠዋት የማመጣላቸውን ውኃም አይጠጡም፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ይጠማዋል ብለው ለልጆቻቸው ያስቀምጡታል። እንስራው ሞልቷል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይላሉ ደገኞቹ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የባሮን እናት ጠምቷታል። እኔ ወንድ ነኝ፣ ገላቸውን ላጥብ አልችልም። ሚስቴ የታመመች እናቷን ልታስታምም ራቅ ወዳለችው ማታር ከተማ ከሄደች ወር ሆኗታል። የቁስሉ ሽታ ከአጥሩ ውጭ ይሰማል።

እስከ ቀጠሮው ዘጠኝ ቀን ይቀራል። እማማ አጁሉ ከልጆቻቸው ጋር እንደሚገናኙ አይጠራጠሩም፤ እኔም አልጠራጠርም። የምፈራው ልጆቹ ስለማይመጡ፣ እናትየው ወደ እነሱ እንዳይሄዱ ነው። ያን ጊዜ ቢሮዎ እናትና ልጆችን ያገናኘ ብቸኛው መሥሪያ ቤት ተብሎ ይመሰገናል።

ስለዚህ ልድያን ዛሬውኑ እንዲመልሱልን በትሕትና እለምናለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ በእርጅናዎም ጊዜ ቅጽ ሳይዝ የሚመጣ ሰው እየተመኘሁ፣ አንዲት እናትን በትክክለኛ ትርጉም የጎዳሁ ታዛዥዎ፣

ኦጅዋክ

ግልባጭ፡ ለገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ

ማሳሰቢያ፡ የፊታችን ሰኞ በሚቀጥለው ቀበሌ የሚመዘገቡትን መቶ አሥራ አራት አረጋውያን እናቶች እንዳስተረጉም ጥሪዎ ደርሶኛል፤ በደስታ እመጣለሁ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከእኔ በቀር ሁለቱን ቋንቋ የሚሰማ አይኖርም። እናቶቹ የፈለጉትን ያህል ይቁጠሩ፣ እኔ ለሁሉም አንድም ልጅ የላትም እላለሁ። በእኛ ዘንድ በወለደች ሴት ላይ እንዲህ ማለት እርግማን ነው፤ መቶ አሥራ አራቱንም በራሴ ላይ እወስዳለሁ። ሪፖርቱ ሲደርስዎ ክልሉ ምን ያህል መካን ነው ብለው እንዳይደነግጡ።