ዛፍ ላይ ለተቆጠረ አፕል የተሰጠ መጋዘን

ለክቡር የቀበሌያችን የፍራፍሬ ልማት አስተባባሪ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በጉና ብርድ የማይለይዎ ያ ወፍራም ካፖርትዎም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነው መጋዘኑ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ምስጋናዬን ከሥልጠናው ልጀምር። አፕል ወፍሮ እንዲያምር፣ ከተለቀመም በኋላ ሳይበሰብስ እንዲቆይ ሥራው የሚጀመረው ገና ዛፍ ላይ ሳለ ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። የተጨናነቀውን ፍሬ በአረንጓዴው አሳሱት፣ ካልሲየም እርጩት፣ በጊዜው ልቀሙት አሉን። እኔ ደግሞ ኩዌት በሰው ቤት ስሠራ የኖርኩ ነኝና የታዘዝኩትን መፈጸም ለምዶብኛል፤ አሳሳሁ። እናቴ አረንጓዴው ፍሬ ሲረግፍ አይተው «አንቺ ልጅ፣ የእግዜርን ሲሳይ እንዲህ ታራግፊዋለሽ?» ብለው አለቀሱ፤ ከጣራ ገዳምም ጠበል አስመጥተው ዛፎቹን ረጯቸው። ስለዚህ ዛፎቼ ካልሲየምም ጠበልም አግኝተዋል።

ቅሬታዎቼን ደግሞ በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ካሳሳሁ በኋላ መጥተው በየዛፉ ያለውን ፍሬ ስለቆጠሩልን አመሰግናለሁ። የኔ ዛፍ ጥቂት ፍሬ ስለያዘ «ዝቅተኛ አምራች» ተባልኩ። ጎረቤቴ አቶ ደምሴ ግን ማሳሳት ኃጢአት ነው ብሎ ስለተወው፣ ቅርንጫፉ እስኪሰበር ተሸክሞ ሞዴል አርሶ አደር ሆነ። ትምህርቱን ያልሰማውን ተማሪ የሚሸልም መምህር ሳይ እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት።

ሁለተኛ፣ በወንፈል የሠራነውን የጭቃ መጋዘን በሙሉ ለሞዴሉ ስለሰጡት አመሰግናለሁ። ጭቃውን ስረግጥ ፍሬዬን የቆጠረ አልነበረም። እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅርና፣ አፕሌን እስከ ጥምቀት አቆይቼ ደብረ ታቦር ካልሸጥኩ ልጄን ዓይናለምን ትቼ ዳግመኛ ወደ ኩዌት መሄዴ ነው።

ሦስተኛ፣ ለጉብኝት የሚመጡ እንግዶች ባዶ ዛፍ እንዳያዩ ብለው አቶ ደምሴን እንዳይለቅም ከለከሉት። ጉብኝቱ ዛሬ ነገ ሲባል ፍሬው ከልክ በላይ በሰለ፤ ኋላም እሱው አራግፎ መጋዘኑን ሞላው። አሁን የብስባሹ ሽታ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይደርሳል። አቶ ደምሴ ደግ ሰው ነው፤ ሲያየኝ አንገቱን ይደፋል። የኔው አፕል እኔና ልጄ ከምንተኛበት አልጋ ሥር በገብስ ጭድ ላይ ተደርድሮ እስካሁን እንደጠነከረ አለ። ሙቀት እንዳያበላሽብን ብለን በዚህ ብርድ እሳት አናነድም፤ ልጄም ጋቢዬ ውስጥ ገብታ ትንቀጠቀጣለች።

ስለዚህ የምለምንዎ መጋዘኑ ተጠርጎ ድርሻዬ እንዲመለስልኝ ብቻ ነው። ልጄ እሳት ትሙቅ።

ካፖርትዎን ያሙቅልዎ እያልኩ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ፤
ዝቅተኛ አምራችዎ፣
ኤሌኒ ፋንታው፣ ከጉና ሥር

ማስታወሻ፦ ጉብኝቱ ለነገ ስለተቆረጠ «ከሞዴሉ ማሳ የተገኘ» ተብሎ ለእንግዶቹ የሚቀርብ አንድ ቅርጫት አፕል ከአልጋዬ ሥር እንድልክ አስነግረውኝ ነበር። ትእዛዝዎን ማጠፍ ነውር ነውና ቅርጫቱን ልኬአለሁ። እንግዳን መዋሸት ኃጢአት ነው ብለው እናቴ ስላሳደጉኝ ግን የሞላሁት ከሞዴሉ መጋዘን ነው። ክዳኑን በእንግዶቹ ፊት እርስዎ ራስዎ እንዲከፍቱት በአክብሮት እጠይቃለሁ።