ቋሚ ንብረት ስለ ሆነው ቀለም

አልፌአለሁ! እኔ ብቻ ሳልሆን አሥራ አራታችንም አልፈናል! ውጤቱ ትናንት ከሰዓት በኋላ በማሠልጠኛው በር ላይ ሲለጠፍ ስሜን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ዓይኔን ስላላመንኩትም አጠገቤ የቆመውን ጥበቃ አስነበብኩት፤ እግሬ መሬት የረገጠው እሱ እኔው መሆኔን ካረጋገጠልኝ በኋላ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ደስታ ሳያንኳኩ ያስገባል፤ አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ።

ለተከበሩ የመምህራን ሥልጠና መምሪያ ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን ከሚሽከረከረው ወንበር፣ ዓይንዎን ከፊርማ ብዛት፣ ጆሮዎንም እንደ እኔ ካለች ለፍላፊ ይጠብቅልዎ። እኔ ከጉልበቴና ከትከሻዬ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌ እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ፤ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው አምስት ደብዳቤዎች መንገድ ላይ ደክሟቸው የቀሩ ስለ መሰለኝ፣ ይኸኛው እንኳ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ እየተቀባበለ ቢደርስልኝ ብዬ ነው።

ማንነቴን ባጭሩ ልንገርዎ፤ ማሳጠር እንደማይሆንልኝ የሚያውቁኝ ሁሉ ቢመሰክሩም። በትምህርት ቤታችን አሥራ ስምንት ዓመት በረዳት መምህርነት ሠርቻለሁ፤ ትምህርቴ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ሥዕል የሚያስተምር ሲጠፋ ርእሰ መምህርቷ እጄ እንደሚያምር ሰምተው ክፍለ ጊዜውን ለእኔ ሰጡኝና ስድስት ዓመት አስተማርኩ። ታዲያ ከሦስት ዓመት በፊት ከመሥሪያ ቤትዎ መመሪያ ወጣ፤ የሥዕል ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ሥዕል ክፍል እንዳይገባ፣ የሚያስተምር ካልተገኘም ክፍለ ጊዜው በሒሳብ መልመጃ እንዲሸፈን የሚል። እኔ ወደ መዝገብ ቤት፣ ልጆቹ ወደ ማባዛት ሰንጠረዥ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ሦስት ክረምት ሙሉ የእይታ ጥበብ ሥልጠና ገባሁ። ትምህርቱ ስለ ባለ ሁለት አውታር ሥዕል ነበር፤ ርዝመትና ስፋት ኖሮት ጥልቀት ስለሌለው፣ ወረቀት ላይ ስለሚሠራው ሥራ። ሥልጠናው ራሱ ጥልቀት እንዳይኖረው መደረጉ ትምህርቱን በምሳሌ ለማስረዳት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ አቤቱታዬ፤ ምስጋናዬ ማለቴ ነው፤ በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ። በመጀመሪያው ክረምት ስለ ቀለም በቃል አስጽፈውናልና ምስጋናዬ ይድረስዎ። አሠልጣኛችንን «ጻፉ» ብለን ነበር የምንጠራቸው፤ ክፍል ሲገቡም ሲወጡም ከአፋቸው የማይለየው ቃል እሱ ነበርና። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ በእጃቸው ያለው ጠመኔ ብቻ፣ እሱም ነጭ ብቻ ነበር። ሰማያዊና ቢጫ ሲደባለቁ አረንጓዴ ይሆናሉ ብለው በነጭ ጠመኔ ጻፉ፤ እኛም በጥቁር እስክሪብቶ ገለበጥን። በፈተናው ይኸው ዓረፍተ ነገር እውነት ወይስ ሐሰት ተብሎ ሲመጣ እኔ በእምነት እውነት ብዬ ነጥቤን አገኘሁ። ከጎኔ የሚቀመጡት፣ ጡረታቸው የደረሰ የሙዚቃ መምህር ግን በዓይኔ ያላየሁትን አልመሰክርም ብለው ሐሰት አሉና ተቀነሰባቸው። እስከ ዛሬ ከሁለታችን ማን አርቲስት እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ። በሁለተኛው ክረምት ቀለም መጣ። አርባ ካርቶን። ከመኪናው ያወረድነው እኛው ነን፤ ትከሻዬን የምከሰውም ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። ነገር ግን ከመምሪያዎ የመጣው የርክክብ ሰነድ ቀለሙን ከወንበርና ከቁም ሳጥን ጋር አሰልፎ ቋሚ ንብረት ብሎ መዝግቦት ነበር። ቋሚ ንብረት ደግሞ፣ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፣ ተፈርሞበት ይወጣል፣ በነበረበት መጠንና ሁኔታም ይመለሳል። ንብረት ክፍሏ ክፉ ሴት አይደለችም። ብንለምናት፣ ብንቆጣት፣ ተራ በተራ ሽማግሌ ብንልክባት የመለሰችው አንድ ነው፦

«እትዬ፣ እኔ ቀለም ጠልቼ መሰለዎት? ቀብታችሁ ስታበቁ ቱቦው ውስጥ መልሳችሁ አስገቡልኝና ዛሬውኑ ላውጣላችሁ።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸ ነው። ለእርስዎ ብጽፍ፣ እንደገናም ብጽፍ፣ ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። አሠልጣኛችን ጨነቃቸውና አንድ ቀን አሰልፈው ወደ መጋዘኑ መስኮት ወሰዱን፤ በብረቱ ፍርግርግ በኩል፣ ከላይ ያለው ካርቶን ላይ የታተመውን የቀለማት ክብ እያየን አለፍን። የተግባር ትምህርት ተብሎ በመዝገብ የሰፈረልን እሱ ነው። ከአጭሩ ቁመቴ የተነሣ እኔ ሐምራዊውን አላየሁትም።

በመጨረሻ የሙዚቃ መምህሩ ፈርመው አንድ ካርቶን አወጡ። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን፣ ክዳኑን ሳንነካ፣ አሥራ አራታችንም ዙሪያውን ከበን ካርቶኑን በእርሳስ ሣልነው። ማታ በነበረበት መጠንና ሁኔታ ተመለሰ። ንብረት ክፍሏ አገላብጣ አይታ ፈረመች። እውነት ለመናገር ጥላው ጥሩ ወጥቶልኝ ነበር።

ሦስተኛ። በዘንድሮው ክረምት ደግሞ ማስታወቂያ ወጣ፤ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ስድስት የቀለም ሥራ ለውጭ ፈታኞች ያላቀረበ እንደሆነ ምስክር ወረቀት አያገኝም፣ ዳግም ዕድልም የለውም ይላል። ከታች ፊርማዎ አለ። ቀለሙ እንዳይወጣ በከለከለው ወረቀት ላይ ካለው ፊርማ ጋር አስተያየሁት፤ አንድ ዓይነት ነው፣ ያምራልም።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ባለቤቴ ግንበኛ ነው፤ የተሰበረ ጡብ በማዳበሪያ አምጥቶ አብሮኝ ወቀጠ፤ ቤት ስሠራ ኖሬ አሁን ደግሞ ላፈርስ ነው እያለ አጉረመረመ እንጂ እጁን አላሳረፈም። በአሮጌ ስቶኪንግ ነፋነው። ከሰል ፈጨን፣ ቀይ ሥር ጨመቅን፤ ልጄ ድንች እየቀረጸች ማኅተም አወጣችልኝ። ሸሚዝ የምናነጣበትን ሰማያዊ ዱቄትና እርድ ለየብቻ በጥብጬ በብሩሽ ጫፍ አገናኘኋቸው። ክቡር ሆይ፣ አረንጓዴ ሆነ። በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ስድስት ዓመት ሥዕል ካስተማርኩ በኋላ፣ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። ወዲያው ለሙዚቃ መምህሩ ደውዬ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ እውነት ነው አልኳቸው።

«አንቺ ካየሽው እንግዲያው መልሴን አስተካክላለሁ» አሉኝ።

አራተኛ ብዬ የምጽፈው ነበረኝ፤ ስለ ወንበሮቹ መሰለኝ፤ ይለፈኝ። ደክሞኛል። የደከመኝ ጡብ መውቀጡ አይደለም፤ እሱማ ትከሻ ነው፣ ይታሻል። የደከመኝ ማመስገን ነው። ሲከለከሉ ማመስገን፣ ሲፈቀድም ማመስገን፣ ራሳችን በጥፍራችን ቧጥጠን ያገኘነውንም ስለሰጣችሁን ብሎ ማመስገን። ከውጤቱ ጋር አብሮ የተለጠፈው የደስታ መግለጫዎ ይህ ውጤት የተገኘው መምሪያው ባቀረበው የተሟላ ግብዓት ነው ይላል። አንብቤ ስጨርስ የምስጋና ቃል አፌ ላይ ፈልጌ አጣሁ፤ በእኔ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው።

የመግለጫው የመጨረሻ መስመር ደግሞ፣ አሥራ አራታችን በየቤታችን ወቅጠን በበጠበጥነው ቀለም ሠርተን ለፈታኞቹ ያቀረብናቸው ሰማንያ አራቱም ሥዕሎች ለንብረት ክፍል ገቢ ይደረጉ፣ ይመዝገቡም ይላል። እዚህ ላይ፣ በታላቅ አክብሮትና በሙሉ ትሕትና፣ እንቢ ብለናል። አሥራ አራታችንም ፈርመናል። ተማሪ ልጆቼ ስድስት ዓመት ሙሉ በወሬ ብቻ ያስተማርኳቸውን ነገር መጀመሪያ በዓይናቸው ያያሉ፤ በጣታቸው ይነካሉ፤ ቢያበላሹም ያበላሹ፣ ሌላ እንወቅጣለን።

ለዘመናት በወንበርዎ የሚያኖር ዕድሜ፣ የሚያነቡትን የሚያስፈርምና የሚፈርሙትን የሚያስነብብ ጸጋ እየተመኘሁልዎ፣ ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከበርዎ ውጭ፣ ከወረፋው መካከል ቆሜ እጅ የምነሣዎ፣

የቀድሞዋ ረዳት፣ ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ግን የሥዕል መምህርት።

ያልተጻፈ እንዳይቀር፦ ሥዕሎቹን በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ሰቅለን በዓል እናደርጋለን፤ ይህን የሚያነብ ሁሉ ከነቤተሰቡ ተጠርቷል፤ ጥበቃውም፣ ንብረት ክፍሏም፣ «ጻፉ»ም ይመጣሉ። እርስዎም በክብር ተጠርተዋል፤ ንግግር ግን እንዳያዘጋጁ። የሦስተኛ ክፍል ልጆች ወረቀትና ከሰል ሰጥተው ያስቀምጡዎታል፤ ከፊትዎ ያለውን አይተው ይሥላሉ፤ ፈታኞቹ እነሱ ናቸው፣ ዳግም ዕድልም ይሰጣሉ። የሚጀመረው የፊታችን ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።